ከዓይን እስከ አንጎል፦ በማኅፀን ውስጥ የሚነጠፈው የእይታ መንገድ

ለዛሬው ጽሁፋችን ምክንያት የሆነን አንድ ልጅ ነው። በ2008 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ከተማ በመምህርነት ስናገለግል፣ ከአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን መካከል ጸጉሩ እንደ በቆሎ ጸጉር የነጣ፣ ቆዳው ፀሐይ ሲነካው ወዲያው የሚቀላ ልጅ ነበር። የክፍል ጓደኞቹ «ፈረንጁ» ይሉታል። ቁመቱ ዘለግ ያለ በመሆኑ ከኋለኛው ዴስክ አስቀመጥነው። ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ገልብጡ በተባለ ቁጥር ይህ ልጅ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ በዓይኑ ጥግ ያያል፤ ዓይኖቹም አንድ ቦታ ረግተው አይቆሙም።

«ቀና ብለህ ሰሌዳውን እይ!» እንለዋለን።

«እያየሁ ነው ቲቸር» ይለናል።

ደብተሩ ግን ባዶ ነው። ንቀት መሰለን። በመንፈቅ ዓመቱ የውጤት ካርዱ ላይ «ትኩረት ይጎድለዋል» ብለን ጻፍን።

ከዕለታት አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በልጅነታችን ያስቀሩንን ኡስታዝ ልንዘይር ወደ መድረሳቸው ጎራ አልን። ያ ልጅ በሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሎሁን አፍንጫው ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ አስጠግቶ፣ ያለ አንዳች መደናቀፍ ይቀራል። ኡስታዙ ዓይናችን ያረፈበትን አይተው «እሱን ነው የምታየው? ከእኩዮቹ ሁሉ ይቀድማል፤ ማሻአላህ» አሉን።

አንድ ልጅ፣ ሁለት ሰሌዳ። አንደኛው አምስት ሜትር ርቆ ግድግዳ ላይ ያለ፣ ሌላው በመዳፉ የያዘው። በአንደኛው ሰነፍ፣ በሌላው ጎበዝ ያሰኘው ርቀቱ ብቻ ነበር። አፈርን። ከዚያ በኋላ የዓይን ሐኪም ጠየቅን፤ መጻሕፍትም አገላበጥን። ያገኘነው መልስ ከጠበቅነው የተለየ ሆነ። የልጁ ችግር ቆዳው ላይ አልነበረም፤ ዓይኑ ላይ ብቻም አልነበረም። ገና ሽል ሳለ፣ ከዓይን ወደ አንጎል የሚወስደው መንገድ በተነጠፈበት ሁኔታ ላይ ጭምር ነበር። ይህ መንገድ እንዴት እንደሚነጠፍ፣ ዘረ-መሎች በዚህ ሥራ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳላቸውና ይህን ማወቃችን ለቤተሰብ ምን እንደሚፈይድ በዚህ ጽሁፍ ለማየት እንሞክራለን።

ዓይን የአንጎል ቅርንጫፍ ነው

ብዙዎቻችን የምናየው በዓይናችን ይመስለናል። እርግጥ ብርሃን የሚገባው በዓይን ነው፤ ማየት የሚፈጸመው ግን በአንጎል ውስጥ ነው። ጉዳዩን ቀደም ብለው በጥልቀት ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ በበስራ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ኢብኑል ሀይሠም ነው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባዘጋጀው «ኪታቡል መናዚር» በተባለው ሥራው፣ ብርሃን ከሚታየው ነገር ተነስቶ ወደ ዓይን እንደሚመጣ አስረዳ። ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ምስሎችም ከዓይን ኋላ፣ ሁለቱ ነርቮች በሚገናኙበት ስፍራ እንደሚዋሐዱ ጻፈ። ምስሎቹ የሚዋሐዱት ከዚያ ስፍራ አልፎ በአንጎል ውስጥ መሆኑ ኋላ ቢታወቅም፣ ያ የነርቮች መገናኛ ለማየት ቁልፍ ስፍራ መሆኑን መጠቆሙ ትክክል ነበር። ወደዚሁ መገናኛ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለመሆኑ ዓይን መቼ ይጀመራል? ጽንስ ከተጀመረ በ22ኛው ቀን ገደማ ሽሉ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በመሠራት ላይ ባለው አንጎል የፊተኛ ክፍል፣ በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ ጎድጓዳ ምልክቶች ይታያሉ። እነዚህ ወደ ውጭ እያበጡ ይወጡና ተመልሰው እንደ ሲኒ ይጎደጉዳሉ። የሲኒው የውስጥ ግድግዳ ሬቲና የሚባለው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ይሆናል። እንግዲህ ሬቲና ከአንጎል ተለይቶ የተሠራና ኋላ የተገጠመ ነገር ሳይሆን፣ ራሱ አንጎል ወደ ውጭ የዘረጋው ቅርንጫፍ ነው ማለት ነው።

ይህን ሥራ የሚመሩት ዘረ-መሎች ናቸው። ዘረ-መል ማለት በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ፣ ሕዋሱ የትኛውን ፕሮቲን እንደሚሠራ የሚወስን መመሪያ ነው። የዓይንም ሆነ የጉበት ሕዋስ የያዘው መጽሐፍ አንድ ነው፤ የሚያነበው ገጽ ግን ይለያያል። ለዓይን መሠራት ዋነኛ ከሆኑት ዘረ-መሎች አንዱ ፓክስ6 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ዋልተር ጌሪንግና ባልደረቦቹ፣ በፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ የሚገኘውን የዚህን ዘረ-መል አቻ ከቦታው ውጭ እንዲሠራ አደረጉት። በዝንቡ እግርና ክንፍ ላይ ዓይን በቀለ! የአይጥን ፓክስ6 ወደ ዝንቡ ሲያስገቡም እንዲሁ ዓይን በቀለ፤ የበቀለው ግን የአይጥ ሳይሆን የዝንብ ዓይን ነበር። ዘረ-መሉ «ዓይን ይሠራ» ብሎ ያዛል፤ ሥራውን የሚሠሩት ደግሞ የዝንቡ የራሱ ሕዋሳት ናቸው። በሰው ልጅ ላይ ከሁለቱ የፓክስ6 ቅጂዎች አንዱ ሲበላሽ፣ በብሌን ዙሪያ ያለው ባለቀለም ክብ የሌለው ወይም በጣም ያነሰ ልጅ ይወለዳል።

በመስቀለኛው መንገድ ላይ ያለው ኬላ

ሬቲና ከተሠራ በኋላ ከአንጎል ጋር መገናኘት አለበት። ከእያንዳንዱ ዓይን አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ክሮች ይነሳሉ። እያንዳንዱ ክር ጫፉን እንደ ጣት እየዳሰሰ ወደፊት ይጓዛል። በሁለተኛው የእርግዝና ወር መጨረሻ አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ክሮች ከአንጎል ግርጌ፣ ቀድሞ ከጠቀስነው የሁለቱ ነርቮች መገናኛ ይደርሳሉ። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ክር አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ልሻገር ወይስ በመጣሁበት ወገን ልቀጥል?

ሕጉ ይህ ነው። ከሬቲናው በአፍንጫ በኩል ካለው ግማሽ የተነሱት ክሮች ወደ ተቃራኒው የአንጎል ክፍል ይሻገራሉ፤ በጆሮ በኩል ካለው ግማሽ የተነሱት ሳይሻገሩ በዚያው ወገን ይቀጥላሉ። በሰው ላይ የሚሻገሩት ከግማሽ በጥቂቱ ይበልጣሉ። በዚህም ምክንያት ከግራ በኩል ያለው ነገር ሁሉ፣ በየትኛውም ዓይን ቢታይ፣ ወደ ቀኙ የአንጎል ክፍል ይደርሳል፤ ከቀኝ ያለውም ወደ ግራው። አንጎል ሁለቱ ዓይኖች ስለ አንድ ነገር የላኩትን ምስል ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነጻጽራል፤ ከልዩነታቸውም የነገሩን ርቀት ይለካል። አንባቢ ይህን ለመረዳት ቢሻ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት ይሞክር።

ታዲያ ክሩ ወዴት እንደሚሄድ በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2003 በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግሩም መልስ ሰጡ። በሬቲናው የጆሮ ወገን ባሉትና በማይሻገሩት ሕዋሳት ውስጥ ብቻ ዚክ2 የተባለ ዘረ-መል ይሠራል። ዚክ2 ያለበት ሕዋስ በክሩ ጫፍ ላይ አንድ ተቀባይ ፕሮቲን ያወጣል። በመገናኛው ላይ ደግሞ ኤፍሪን የሚባል ሌላ ፕሮቲን የያዙ ሕዋሳት እንደ ኬላ ጠባቂ ቆመዋል። ተቀባዩን የያዘው ክር ኤፍሪኑን ሲነካ ወደ ኋላ ይመለስና በመጣበት ወገን ይቀጥላል። ተቀባዩ የሌለው ክር ግን ኬላውን አልፎ ይሻገራል። አንድ ዘረ-መል መሥራቱና አለመሥራቱ የክሩን መንገድ ለዘለቄታው ይወስናል ማለት ነው።

በአንጎል ላይ የተሣለ ካርታ

ከኬላው ያለፉት ክሮች አብዛኞቹ በአንጎል መሐል ከሚገኝ አንድ ማረፊያ ይደርሳሉ፤ መልእክቱ ከዚያ ተነስቶ ከማጅራት ከፍ ብሎ ወደሚገኘው የአንጎል ቅርፊት የእይታ ክፍል ይሄዳል። በዚያም ላይ የሚታየው ዓለም እንደ ካርታ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ በዓይን ፊት ጎረቤት የሆነ ነገር በካርታውም ላይ ጎረቤት ነው።

ካርታው በልምምድ የመጣ እንዳልሆነ ያሳየው አሜሪካዊው ሮጀር ስፔሪ ነው። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንቁራሪትን የዓይን ነርቭ ቆርጦ፣ ዓይኑን ራሱን ገልብጦ አስቀመጠው። የእንቁራሪት ነርቭ ተመልሶ ይበቅላልና እንስሳው ዳግመኛ ማየት ጀመረ። ነገር ግን ዝንብ ከላይ ሲታየው ምላሱን ወደ ታች ይሰነዝራል! በጊዜ ብዛትም አልታረመም። ክሮቹ ዓይኑ መገልበጡን ሳያውቁ እያንዳንዳቸው ወደ ጥንቱ አድራሻቸው ተመልሰው ነበር። ስፔሪ ክሮቹ አድራሻቸውን የሚለዩት በኬሚካል ምልክት ነው አለ። በ1990ዎቹ ውስጥ ከእነዚህ ምልክቶች ዋነኞቹ ሲገኙ፣ ቀድሞ በኬላው ላይ ያየነው የኤፍሪን ቤተሰብ ሆነው ተገኙ።

የእይታው ክፍል ራሱ ከኋላ መሆኑንስ ማን ወሰነ? እዚህም ላይ የዘረ-መል እጅ አለበት። በሚያድገው አንጎል ቅርፊት ላይ ኤምክስ2 የተባለው ዘረ-መል ከኋላ በርትቶ ወደ ፊት እየሳሳ ይሄዳል። ፓክስ6 ደግሞ በተቃራኒው ከፊት በርትቶ ወደ ኋላ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአይጥ ጥናት እንዳሳየው፣ ኤምክስ2 ሲጠፋ የእይታው ክፍል ይጠባል፤ ፓክስ6 ሲጠፋ ደግሞ ይሰፋል። በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ዓይንን ያስጀመረው ያው ፓክስ6፣ ቆይቶ በአንጎል ላይ የመሬት ድልድል ውስጥ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ዘረ-መል ብቻውን ሁሉን አይጨርስም። ዓይን ገና ብርሃን ሳያይ፣ የሬቲና ሕዋሳት በራሳቸው እየተቀሰቀሱ እንደ ማዕበል ተራ በተራ መልእክት ይልካሉ። ሕዋሳቱ በራሳቸው መቀስቀሳቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ባልተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ላይ ታይቷል። ጎረቤት ሕዋሳት አብረው ስለሚቀሰቀሱ፣ በዘረ-መል የተሣለው ንድፍ በዚህ ልምምድ ይጠራል። ከልደት በኋላ ደግሞ ብርሃን ሥራውን ይረከባል።

የሲያም ድመቶች የነገሩን

አሁን ወደ ልጃችን እንመለስ። ሲያም የሚባሉትን ድመቶች በሥዕል ያየ ሰው ሰውነታቸው ነጣ ያለ፣ ጆሮአቸውና ጅራታቸው ጠቆር ያለ መሆኑን ያስታውሳል። አንዳንዶቹ ሸውራራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 ራይነር ጊለሪ የተባለ ተመራማሪ የእነዚህን ድመቶች አንጎል መርምሮ፣ በዚያ መገናኛ ላይ ሳይሻገሩ መቅረት የነበረባቸው ብዙ ክሮች ተሻግረው አገኘ። በ1975 ደግሞ እሱና ባልደረቦቹ አልቢኒዝም በነበረበት ሰው አንጎል ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ማግኘታቸውን ጻፉ።

አልቢኒዝም ሰውነት ሜላኒን የተባለውን ጥቁር ቀለም እንዳይሠራ፣ ወይም ጥቂት ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ የዘረ-መል ለውጥ ነው። የቆዳ ቀለም ከአንጎል መንገድ ጋር ምን ያገናኘዋል? ምስጢሩ ይህ ነው፦ ሜላኒን በቆዳና በጸጉር ላይ ብቻ ሳይሆን ከሬቲና ጀርባ ባለው ስስ ሽፋን ውስጥም አለ። ይህ ሽፋን ቀለሙን ሲያጣ የጎረቤቱ የሬቲና እድገት ይዛባል። በአልቢኖ አይጦች ላይ እንደታየው፣ ዚክ2 የሚሠራባቸው ሕዋሳት ቁጥር ያንሳል። ተቀባዩን ያልያዙ ክሮች ደግሞ ኬላውን አልፈው ይሻገራሉ። በዚህም የተነሳ የሁለቱ ዓይኖች ምስል ጎን ለጎን የሚነጻጸርበት ዕድል በጣም ይጠባል፤ ርቀትን በሁለት ዓይን መለካት ያስቸግራል።

በዚህ ላይ፣ ጥርት አድርጎ የሚያየው የሬቲና መካከለኛ ክፍል በሚገባ ሳያድግ ይቀራል። መነጽር የሚያርመው ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ነውና ቢረዳም ጉድለቱን ሁሉ አይሞላም። ዓይኖቹም ያለ ፈቃድ ወዲያና ወዲህ ይዋልላሉ። ልብ በሉ! ብዙዎቹ ልጆች ዓይናቸው ከሁሉ የሚረጋበትን አቅጣጫ ራሳቸው ያገኙና ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው በዚያ ያያሉ። «ቀና ብለህ እይ» ያልነው ልጅ፣ እውነትም እያየ ነበር። አንገቱን እንዲያቀና ባስገደድነው ቁጥር የነበረችውን እይታ ስንነጥቀው ኖረናል።

ጥፋቱ የማን ነው?

የልጁን እናት አስጠርተን ባነጋገርናቸው ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ነበር የመጡት። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ከጎረቤትም ከባላቸው ዘመዶችም ያልሰሙት ነገር የለም። አንዱ በእርግዝናሽ ጊዜ ምን አይተሽ ነው ይላል፤ ሌላው ከዚህም የከፋ ይናገራል።

«መምህር፣ እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» አሉን።

«እርስዎ ምንም አላጠፉም፣ እናቴ» አልናቸው። እንዲህም ብለን አስረዳናቸው። እያንዳንዳችን ከአብዛኞቹ ዘረ-መሎቻችን ሁለት ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት ወስደናል። በብዛት በሚታየው የአልቢኒዝም ዓይነት፣ አንድ የተለወጠ ቅጂ ብቻ የያዘ ሰው ምንም ምልክት አይታይበትም፤ ደህናው ቅጂ ሥራውን ይሠራለታልና። አባትም እናትም ሳያውቁ አንዳንድ የተለወጠ ቅጂ ሲይዙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም የተለወጡ ቅጂዎች የመውሰድ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ ከእናት ብቻ የመጣ አይደለም። በእርግዝና ወቅት በታየ፣ በተበላ ወይም በተረገመ ነገርም አይመጣም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ከ5,000 እስከ 15,000 ከሚሆኑ ሰዎች መካከል አንዱ አልቢኒዝም እንዳለበት ይገመታል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰኔ 6 (ጁን 13) ስለ አልቢኒዝም ግንዛቤ የሚሰጥበት ዕለት ሆኖ እንዲታሰብ አድርጓል።

እናቲቱ ዝም ብለው ካዳመጡን በኋላ «ይህን ለአባቱም ይንገሩልኝ» አሉን። ነገርናቸው።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ለመምህራን። እንዲህ ያለውን ልጅ ከፊት አስቀምጡት፤ ፊቱን ወደሚያዞርበት አቅጣጫ ሰሌዳው እንዲመቸው ቦታውን ራሱ ይምረጥ። በመስኮት በኩል የሚገባው ብርሃን ፊት ለፊት አያግኘው። በሰሌዳ ላይ የምትጽፉትን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ለፈተና ጎላ ያለ ጽሁፍ ስጡት። መጽሐፍን ወደ ዓይን ማስጠጋት ዓይንን አይጎዳምና አትከልክሉት።

ለወላጆች። ልጁ በሕፃንነቱ የዓይን ሐኪም ይየው፤ መነጽርና ማጉያ የሚረዳው ከሆነ ይታዘዝለት። ቆዳው የፀሐይ መከላከያ ቀለም የለውምና ለቆዳ ካንሰር የተጋለጠ ነው። ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለእሱ ቅንጦት አይደሉም። በቀትር ፀሐይ ከብት ጠብቅ፣ ገበያ ድረስ ተብሎ አይላክ።

ለሁሉም ቤተሰብ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለን። በማኅፀን የተነጠፈው መንገድ ከልደት በኋላ በአገልግሎት ካልጸና ይደክማል። ዴቪድ ሂውብልና ቶርስተን ዊዝል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለጥቂት ወራት በመሸፈን ይህን አሳይተዋል። ዓይኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ሽፋኑ ከተነሳለት በኋላ አንጎል አልቀበለውም። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1981 ቀድሞ ከጠቀስነው ከስፔሪ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ስለዚህ የሕፃኑ የዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ፣ በሦስት ወሩ ፊታችንን በዓይኑ የማይከተል ከሆነ፣ ዓይኑ ከሸወረ ወይም ከዋለለ «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ አይገባም። ከሞራ ጋር የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ቢታከም ማየት ይማራል፤ ዓመታት ካለፉ ግን ሞራው ቢነሳም አንጎሉ ያልለመደውን ለመማር ይቸገራል።

ልጁን ከፊተኛው ዴስክ፣ ሰሌዳው ለግራ ዓይኑ ጥግ በሚመቸው ወገን አስቀመጥነው። የጻፍነውን ጮክ ብለን ማንበብም ለመድን፤ ይህም ሌሎቹን ተማሪዎች ጭምር ጠቀማቸው። በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሉ ስምንተኛ ወጣ። በመንፈቁ ካርድ ላይ የጻፍነው ቃል ግን ዛሬም በዚያ ቤት ሳጥን ውስጥ እንዳለ ነው። ውድ መምህራንና ወላጆች፣ «ሰነፍ ነው»፣ «ትኩረት የለውም» የሚለውን ቃል ከመጻፋችን በፊት ልጁን «ከዚህ ሆነህ ይታይሃል?» ብለን እንጠይቅ። እኛ ያን ጥያቄ ሳንጠይቅ ግማሽ ዓመት አሳልፈናል።

ወላሁ አዕለም።